የሰዓዳ የጽጌረዳ አልጋ

ልጅ እያለሁ በኬንያው ሞያሌ ውስጥ ጽጌረዳ ያየ ሰው አላውቅም። በኛ ሰፈር በማንያታ የሚበቅለው እሾህ ነበር፤ እሱንም ፍየሎቹ ይጨርሱታል። እኛ ግን ጽጌረዳን በእንግሊዝኛ እናውቃት ነበር። ኬንያ ትምህርት ቤት ፈሊጥ የሌለው ኮምፖዚሽን፣ ማለት የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ጨው እንደሌለው ወጥ ነውና ቲቸር እያስጮኸ ያስጠናን ነበር። «የጽጌረዳ አልጋ» ማለት ምቾትና ድሎት ያለበት ኑሮ ነው አለን። ስትጽፉ ግን «ሕይወት የጽጌረዳ አልጋ አይደለችም» በሉ፣ ሰው የሚጠቀምበት እንደዚያ ነው ብሎ ጨመረ።

ኮምፖዚሽን ላይ ታላቅ እህቴን ሰዓዳን የሚያህላት አልነበረም። ሐሳቧም ቲቸር መሆን ነበር። ስታንዳርድ ኤይትን፣ ስምንተኛ ክፍልን፣ በጥሩ ውጤት ጨርሳ ሃይስኩል ልትገባ ስትል፣ ከሄሉ ሰፈር አንድ የከብት ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። ከኢትዮጵያ በስደት መጥቶ በልብስ ስፌት ያሳደገን አባቴ እሺ አለ። እናቴ አለቀሰች፣ ሰዓዳ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነች። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነ።

የምትሸኝበት ቀን ቤታችን የፒላው ሩዝና ሽቶ ይሸት ነበር። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ሲመርቁ፣ አባቴ ሊኮራብኝ ፈልጎ «አንቺም በፈረንጅ አፍ መርቂያት» አለኝ። ከማውቀው ሁሉ ያማረውን መረጥኩ። ኑሮሽ የጽጌረዳ አልጋ ይሁን አልኩና ለእንግዶቹ በአማርኛ ተረጎምኩት። ጎረቤታችን የቦረናው ሽማግሌ አባ ጉዮ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠየቁኝ።

«ይሄ አበባ እሾህ አለው?»

«አለው።»

«ታዲያ ልጄ፣ እህትሽን እሾህ ላይ ታስተኛለሽ እንዴ? ዝናብ ይስጥሽ፣ ናጋውን፣ ሰላሙን ይስጥሽ በያት እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰዓዳ ግን አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «‹አይደለችም› የሚለውን ረሳሽው» አለችኝ።

ያኔ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ አቧራ ነበር፤ ዛሬ አስፋልት ነው። ቲቸር የሆንኩት እኔ ነኝ። የሰዓዳን ባል ከብቶች ድርቅ ፈጅቷቸው፣ እሷ ሄሉ ደጃፏ ላይ ከሰል ትቸረችራለች። ልጇ ራህማ ኮምፖዚሽን ስትጽፍ ቁርጥ እናቷን ናት። ባለፈው ወር ለራህማም ሽማግሌ መጣ። አባትዬው እሺ አለ። ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ የሰማኝ የለም።

ስትሸኝ «ቲቸር፣ መርቂያት» አሉኝ። ዝናብ ይስጥሽ፣ ናጋውን ይስጥሽ አልኳት። ቤቱ ሙሉ አሜን አለ። ሰዓዳ ብቻ አሜን አላለችም።