ከሚስማሩ ላይ የተወሰደችው ናስ

ቬርና ትሬጊር ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ትፈራ ነበር፤ ከመሬት በታች ያለውን ጨለማ። የተወለደችበት ቤት ታማራክ በምትባለው የኔቫዳ መንደር ዳር፣ ዴሊያ ከተባለችው የወርቅ ጉድጓድ በላይ የተሠራ ነበር። ማታ ማታ ጆሮዋን ትራስ ላይ ስታደርግ ከወለሉ ሥር ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ይመጣል። እናቷ «ውሃ ነው፣ ድንጋይ ላይ ሲንጠባጠብ ነው» ትላታለች። ሴት አያቷ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትንንሾቹ ሰዎች ናቸው። ድንጋዩ ሊደረመስ ሲል ግድግዳውን ይመታሉ» ይሏታል። የታማራክ ሰው ወደ ጉድጓድ ሲገባ ሥጋና ድንች ከተጠቀለለበት የምሳ ዳቦው ጠርዙን ቆርሶ መንገድ ላይ የሚጥለው ለእነሱ ነው። ቬርና ይህን ስትሰማ ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኗ ትስባለች። ታላቅ ወንድሟ ሊላንድ ደግሞ ከአልጋዋ ሥር ገብቶ ወለሉን በማንኪያ እየመታ ያስለቅሳታል።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ወንድ አያታቸው ጆሪ አንድ ቀን ጠዋት ዴሊያ ውስጥ ገብተው በዚያው ቀርተዋል። በታማራክ ወደ ጉድጓድ የሚገባ ሁሉ ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ ጠፍጣፋ ናስ አለችው። ሲገባ በጉድጓዱ አፍ ካለው ግንድ ሚስማር ላይ ይሰቅላታል፤ ሲወጣ ያነሳታል። ናስ ካለ ሰው ውስጥ አለ፤ ሚስማሩ ባዶ ከሆነ ሁሉም ወጥቷል። የጆሪ ናስ ቁጥሯ አርባ አንድ ነበር። እሳቸው ከቀሩ በኋላ የት እንደገባች ለቬርና የነገራት ሰው የለም።

አድጋ አገባች፣ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስትሠራ ኖረች፣ ባሏን ቀበረች። ጉድጓዶቹ ተራ በተራ ተዘግተው ሰዉ የአባቶቹን ዕቃ ለቁራሌው መስጠት ሲጀምር ግን ሆዷ አልቻለም። የድሮውን ፀጉር ቤት ለምና ተቀበለችና የሻማ መያዣውን፣ የምሳ ዕቃውን፣ ተረከዙ ያለቀውን ቦቲ ሁሉ ሰበሰበችበት። ከውስጥ የሚያወጣላት ሊላንድ ነው። እሱ ይገባል፤ እሷ አፉ ላይ ትቆማለች።

«ነይ እንጂ፣ አንድ ጊዜ እይው!» ይላታል።

«እኔ እስከ ብርሃኑ ድረስ ነኝ።»

«ሙዚየም አለሽ፣ ጉድጓድ አታውቂም። ዋና የማይችል ዓሣ አጥማጅ ማለት አንቺ ነሽ።»

«አንተ አጥምድ፣ እኔ አጥባለሁ» ትለዋለች፤ ደግሞም እሷ ያጠበችው ሁሉ የማን እንደነበር ሳይታወቅ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። በፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ከየቤቱ የለመነቻቸው ናሶች በየቁጥራቸው ተሰቅለዋል። የአርባ አንድ ሚስማር ብቻ ባዶውን ነበር። እሷም አቧራ ስትጠርግ እዚያች ሚስማር ጋ ስትደርስ እጇ ይዘገያል።

በዚያ ዓመት መጸው ላይ ዴሊያም በአፈር ትደፈን ተባለ። ሊላንድ ለመጨረሻ ጊዜ ልግባ አለ። አያታቸው በሻማ ጭስ ግድግዳ ላይ ስማቸውን ጽፈዋል ይባል ነበርና ሳይቀበር ፎቶ ላንሳው ብሎ ለመነ። ቬርና ግን በፀደይ ልቡ አስቸግሮት ከዓሣ ማጥመጃው ዳር ተሸክመው እንዳመጡት አልረሳችም።

«እዚያ ብትገባ እህት የለኝም በል!»

«እሺ» አለ ሊላንድ።

ቶሎ እሺ ማለቱን ያኔ ልብ ብትለው ኖሮ! ሊላንድ ዕድሜውን ሙሉ ቶሎ እሺ ብሎ አያውቅም።

ጉድጓዱ በሚደፈንበት ቀን ቬርና በጠዋት ፒክአፗን አስነስታ ዴሊያን ልትሰናበት ወጣች። ቦታው ጭር ብሏል። ሠራተኞቹ ትናንት ቁጥቋጦውን መንጥረው ስለሄዱ ለዓመታት ተሸፍኖ የነበረው አሮጌው ግንድ ፊት ለፊት ቆሟል። ግንዱ ላይ ሚስማር አለ። ሚስማሩ ላይ ናስ ተሰቅላለች።

ቬርና ቀረብ ብላ አየች። አርባ አንድ።

አያቷ በገቡበት ቀን የሰቀሏት፣ ቁጥቋጦ የበላት፣ ማንም ሳያያት ዘመን ያለፋት መሰላት። «እዚሁ ነበርሽ?» አለቻት ናሷን፣ እንደ ሰው። ከጉድጓዱ አፍ ቀዝቃዛ አየር ወጥቶ ፊቷን ሲነካት ደነገጠች። አፈሩ ሳይውጣት ብላ ናሷን ከነክሯ አውርዳ ጡቷ ሥር ወሸቀችና ወደ መኪናዋ ሮጠች።

ቁልቁለቱ ላይ ጉድጓዱን በአፈር የሚደፍነው ሮስኮ ሎደሩን በትልቅ መኪና አስጭኖ ሲወጣ ተገናኙ። ሮስኮ እሷ በቀቀለችው የትምህርት ቤት ምሳ ያደገ፣ በር የሚሞላ ጎልማሳ ነው።

«ወይዘሮ ቬርና! ፊትዎ ምነው እንዲህ በራ? ወርቅ አገኙ እንዴ?»

«ከወርቅ የሚበልጥ!»

«እንግዲያ ለእኔም ያካፍሉኛላ!» ብሎ ሳቀ። እሷም እየሳቀች ወረደች።

ፀጉር ቤቱ ደርሳ ሻይ እንኳ ሳታፈላ ናሷን በጨርቅ መወልወል ጀመረች። በሎሚ ልታጥባት የተሰቀለችበትን ክር ለመፍታት ስትታገል እጇ ቆመ። ክሩ አረንጓዴ ነው። የላስቲክ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው፤ በአያቷ ዘመን ያልነበረ። ቋጠሮውን አየችው። ሊላንድ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም፤ አንዱን የክር ጫፍ በጥርሱ ይዞ ነው የሚቋጥረው። ጫፉ ተቀጥቅጧል፤ የጥርስ ምልክት አለበት።

ናሷን የሰቀላት ሊላንድ ነው።

ወደ ስልኩ ደወለች። ይጠራል፣ አያነሳም። ለጎረቤቱ ደወለች። «መኪናው ቆሟል፤ ሊላንድ ግን ገና ሳይነጋ ሄልሜቱን ይዞ በእግሩ ወደ ላይ ወጣ። አንቺ የምታውቂ መስሎኝ!» አላት። ለሮስኮ ደወለች። ዴሊያ ጋ ኔትወርክ የለም።

ያን ዳገት እንዴት እንደነዳችው ኋላ ስትጠየቅ አታስታውስም። የምታስታውሰው መሪው ላይ የተጣበቀውን እጇንና አፏ ውስጥ የነበረውን የናስ ጣዕም ነው፤ ናሷን በጥርሷ ነክሳ ነበር የነዳችው። ሊላንድ ናስ ሰቅሎ ነው የገባው። ሰቅሎ የገባ የታማራክ ሰው ማንም እንደማይቀብረው ያውቃል። ናሷን ያነሳችው ደግሞ እሷ ናት።

ከርቀት የሎደሩ ጩኸት ተሰማት። የጉድጓዱ አፍ የለም። በቦታው ትኩስ አፈር ተቆልሏል። ከመኪናዋ ወርዳ እጇን እያወናጨፈች ሎደሩ ፊት ሄዳ ቆመች። ሮስኮ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆኑ?»

«ሊላንድ ውስጥ ነው!»

ሮስኮ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሚስማሩን አይቻለሁ፣ ወይዘሮ ቬርና። በእናቴ አይቻለሁ! ባዶ ነበር። ደጋግሜም ተጣርቻለሁ።»

«ባዶ የሆነው እኔ ወስጃት ነው» አለችና ናሷን ዘረጋችለት።

ሮስኮ አንዴ ናሷን አንዴ እሷን አየ። ዘወር ብሎ ለሠራተኞቹ «አካፋ!» ብሎ ጮኸ። የነፍስ አድን ሰዎችን በሬዲዮ ጠሩ፤ ከሌላ ከተማ ስለሚነሱ ይዘገያሉ ተባለ። ሎደሩ ከውጭ ያለውን አፈር ቀስ እያለ ሳበ። ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ግን አሮጌው የድጋፍ እንጨት መንቋቋት ጀመረና አቆሙት። ከዚያ ወዲያ በእጅ ሆነ። ቬርናም ተንበርክካ በጥፍሯ ቆፈረች። በመጨረሻ ከጣሪያው ሥር ቀዳዳ ተከፈተ። ሮስኮ ሊገባ ሞከረ፤ ትከሻው አላልፍ አለው። ከሠራተኞቹ ቀጭኑ ጎንበስ ብሎ ሲያይ አፈር ተንዶ ፊቱ ላይ ወረደበትና ወደ ኋላ ሸሸ። ማንም አልፈረደበትም።

«እኔ ትንሽ ነኝ» አለች ቬርና።

«እርስዎማ ከብርሃን አያልፉም!»

«ገመድ ስጠኝ አልኩህ፣ ሮስኮ። ሌላ አማራጭ ያለ መስሎህ ነው?»

ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረላት። የራሱን ሄልሜት ከነባትሪው አጠለቀላት። የአየር መለኪያውን አንገቷ ላይ አንጠለጠለና «ይህ ከጮኸ አንድ እርምጃ አይጨምሩ። ይማሉልኝ» አላት። ማለችለት። ከዚያ መጀመሪያ አርባ አንድን ወደ ሚስማሩ መለሰቻት። የራሷ ናስ ኖሯት ስለማያውቅ ከኪሷ የሙዚየሙን ቁልፍ አውጥታ አጠገቧ ሰቀለች።

ሮስኮ ወደ ሰዎቹ ዞሮ «ሁለት ሰው ውስጥ አለ። ማንም ምንም እንዳይነካ!» አለ።

በደረቷ ተስባ ገባች። ከወዲያኛው በኩል ተንሸራታ ስትወርድ ብርሃኑ ከኋላዋ እንደ ድስት ክዳን አነሰ። አቧራው ከባትሪው ፊት እንደ ጉም ይዞራል። ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ ግድግዳው ረጥቧል፤ እጇን ነጥቃ መልሳ ያዘችው። ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣላትም።

ያኔ ከውስጥ፣ ኳ። ኳ። ኳ።

የልጅነቷ ድምፅ ነው። ወለሉ፣ ትራሱ፣ የአያቷ ሹክሹክታ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። ድንጋዩ ሊደረመስ ነው፣ ተመለሺ የሚላት መሰላት፤ እግሯም እውነት ለመናገር ዞረ። ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ወደዚያች ትንሽ ብርሃን ተመለከተች። ውሃ እንዲህ አያርፍም ብላ አሰበች፤ ውሃ አይደክመውም። ይህ ግን እየመታ ያርፋል። የደከመው ሰው ነው።

ድንጋይ አንስታ ግድግዳውን መታች። ጸጥ አለ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ መለሰላት።

ሄደች። ዋሻው ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ስትደርስ ድምፁ ከሁለቱም በኩል እያስተጋባ አሳሳታት። በግራም ኳ፣ በቀኝም ኳ። አንገቷ ላይ ያለው መሣሪያ ዝም ብሏል፤ እሷ ግን በየትንፋሹ የሚጮህ እየመሰላት ታየዋለች። ባትሪውን ወደ መሬት ስታወርድ በቀኙ መንገድ ጠርዝ፣ ድንጋይ ላይ፣ የተቆረሰ የዳቦ ጠርዝ አየች። ትኩስ ነው። ከሥሩ ጥቂት ሥጋ ተጣብቆበታል።

«ሊላንድ!» ድምፁ አሁን ወጣላት።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ!»

«እኔ ማን?»

«ቬርና!»

«ቬርና ከብርሃን አታልፍም። እንግዲያው ሞቻለሁ ማለት ነዋ!»

ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ አገኘችው። ሎደሩ ሲያንጎደጉድ ሰምቶ ሲሮጥ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎታል፤ ባትሪው ተሰብሯል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ተንበርክካ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

«ናስ ሰቅዬ ነበር» አለ እየተንቀጠቀጠ። «የጆሪን። አባታችን ደብቆ ያቆያትን ሲሞት ለእኔ ሰጥቶኝ፣ 'ለቬርና እንዳትነግራት፣ መስታወት ውስጥ ትዘጋባታለች' ብሎኝ ነበር። ሰቅዬ ነበር እኮ። የትኛው ሌባ ነው ያነሳት?»

«እኔ።»

«አንቺ?»

«እኔ ነኝ፣ ሊላንድ።»

«ለሙዚየሙ?»

«ለሙዚየሙ።»

መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ሳሉ ደግሞ ወደ ለቅሶ አደላ። እሷ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ክንዱን አንገቷ ላይ ጥላ «ተነስ፣ አንተ ሽማግሌ! የኔ ልብ ካንተ ልብ ቀድሞ ሊቆም ነው» አለችው። በአንድ እግሩ እያነከሰ፣ በየጥቂቱ እያረፉ ሄዱ። ከኋላቸው አንድ ቦታ ድንጋይ ወርዶ ዋሻው ሲያጓራ እጁን ጨመቀችው፤ እሱም ጨመቃት። ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንደፈራ ከእጃቸው መለየት አይቻልም ነበር።

ሮስኮ በገመዱ ስቦ ሲያወጣቸው የነፍስ አድኑ መኪና ገና ዳገቱን ይወጣ ነበር። ሊላንድን አልጋ ላይ አጋድመው ኦክስጅን ሰጡት። ከመሸኘቱ በፊት ሮስኮ ከሚስማሩ ናሷንና ቁልፉን አውርዶ ለሁለቱም በየእጃቸው ሰጣቸው። ደግሞ ሚስማሩን ዳሰሰና ባዶ መሆኑን በጣቱ አረጋገጠ።

ዴሊያ የተደፈነችው ሊላንድ ከሆስፒታል ወጥቶ አጠገቧ ከቆመ በኋላ ነው። ካሜራው ውስጥ የጭሱ ጽሑፍ ነበር፤ ጆሪ ትሬጊር ይላል፤ የመጨረሻው ፊደል ሻማው የተንቀጠቀጠ ይመስል ወደ ላይ ሄዷል። ፎቶው ዛሬ ከናሶቹ አጠገብ ግድግዳው ላይ አለ።

የአርባ አንድ ሚስማር ግን አሁንም ባዶ ነው። ጎብኚ ሲጠይቃት ቬርና «ያቺ ሥራ ላይ ናት» ብላ ታልፋለች። ሊላንድ እግሩ ሲሻለው ሌሎቹን ጉድጓዶች ፎቶ ማንሳት አልተወም፤ እሷም ተው ማለት አልሆነላትም። የተስማሙት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ የትኛውም ጉድጓድ ከመሄዱ በፊት መጥቶ ናሷን በወጥ ቤቷ በር ሚስማር ላይ ይሰቅላል።

እነዚያን ቀናት ቬርና ከቤት አትወጣም። ዕቃ ታጥባለች፣ ድንች ትልጣለች፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ነፋስ ናሷን ከእንጨቱ ጋር ባጋጫት ቁጥር እጇ ውሃው ውስጥ ቀጥ ይላል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የሚያነክስ እርምጃ ከደጅ ይሰማል፤ ናሷ ከሚስማሩ ስትነሳ ኪል ትላለች።

«ዛሬስ የሰረቀኝ አለ?» ይላል ሊላንድ ከውጭ።

«ጫማህን አውልቀህ ግባ» ትለዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ወንበር ስባ የምትቀመጠው።