የሚጣ አባት

ሲያዩት አንቱ የሚያሰኝ ሰው ነው፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ። ልጅቷን ግን የሚይዛት በእጅ አንጓዋ ነው። አፏን የሸፈነው ሻርፕ ሸርተት ባለ ቁጥር ወደ ላይ ይስበዋል። ልደታ ማርያም ደጃፍ የፊደል ገበታ ከምትሸጠው ከወለተሰንበት ፊት ልጅቷ ቀጥ ስትል፣ እሱም ሳይወድ ቆመ።

«ስምሽ ማነው?» አለቻት ወለተሰንበት።

«ሚጣ እላታለሁ» ሲል ሰውየው ቀድሞ መለሰ። «ልጄ ላንቃዋ ክፍት ስለሆነ ንግግሯ አይገባም።»

ልጅቷ ሻርፑን ዝቅ አድርጋ በአፍንጫዋ «አማዬ አይነለም» አለች።

«ውይ፣ እማዬ የለችም ነው የምትለው?»

ሰውየው ሻርፑን ወደ አፏ መለሰው። «አዎ፣ እናቷ አርፋለች» አለ፤ ፈገግታው የደግ ሰው ነበር።

ወለተሰንበት ከንፈሯን መጠጠች። ልጅቷ ጣቷን «በ» ላይ አሳርፋ «መ» አለች፤ «ደ» ላይ አሳርፋ «ነ» አለች። ዓይኗን ከሴትየዋ ላይ አልነቀለችም።

«በ በይ፣ የኔ ልጅ። ይቺ ደግሞ ደ ናት» ስትል አረመቻት።

ሰውየው አንጓዋን ሳብ አድርጎ የሰንጋ ተራ ታክሲ ውስጥ አስገባት።

ታክሲው ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ወለተሰንበት ልጅቷ ያለችውን ለራሷ ደገመችው። «መ» ባለችበት «በ»፣ «ነ» ባለችበት «ደ» አስገባችበት።

አባዬ አይደለም።