ከአውራ ጣቴ የረዘመችው ጣት

እግሬን እንሶስላ ስትቀባኝ የነበረችው አክስቴ ድንገት እጇን አቆመች። የሰርጌ ዋዜማ ነው፤ ሰቆጣ እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ከአውራ ጣቴ ቀጥላ ያለችውን ጣት ያዝ አደረገቻትና፣ «ይቺ በልጣ ወጥታለች። እንዲህ ያለች ሴት ባሏን ትቀብራለች ይባላል። አማትሽ እንዳያዩብሽ» አለችኝ በጆሮዬ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ስቄ አለፍኩ።

ፃግብጂ አማቴ ቤት ስገባ ሳቁ ጠፋ። አማቴ የእንግዳ እግር እያጠቡ ሰውን የሚያነቡ ሴት ናቸው። እንግዳው ሲሄድ፣ «ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ አይረጋም» ይላሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ካልሲ ከእግሬ አልወለቀም። «የከተማ ልጅ ብርድ አትችልም» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ባሌ ወደ ሳዑዲ መንገድ የወጣው በዓመቱ ነው። ከጅቡቲ ደውሎ፣ «ጀልባ እየጠበቅን ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማያት ያቺ ጣት ሆነች። ፈራኋት። በምላጭ ልቆርጣት ያሰብኩበት ቀን ነበር፤ እውነቴን ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ውሃ ልቀዳ ስወርድ የግራር እሾህ ጫማዬን በስቶ ገባ። ብደብቀው ሰንብቶ እግሬ አበጠ፤ መርገጥ አቃተኝ። አማቴ መርፌና ለብ ያለ ውሃ ይዘው መጡና «አውልቂ» አሉኝ።

«ግድ የለም እማማ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ እኔው አወጣዋለሁ።»

አልሰሙኝም። ካልሲውን ገፈው እግሬን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ሰውነቴ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከሕመሙ መስሏቸው «አይዞሽ» አሉ። እሾሁን አወጡት። ከዚያ ጣቲቱን ዳሰሷት። አልቻልኩም። «እማማ፣ ልጅዎን የምገድለው እኔ ነኝ?» አልኳቸው።

የራሳቸውን እግር ከጫማ አወጡ። አውራ ጣታቸው ከሁሉም በልጦ ይታያል። «እኔን ይቺን አይተው ነው የመረጡኝ፤ መልካም እግር ናት ተብሎ። ልጆቹ ጥርስ ሳያበቅሉ አባታቸውን ቀበርኩ» አሉ።

«አትሂድ ብለሽው ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ለምኜው ነበር» አልኩ።

«ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። እግሬን ለብ ወዳለው ውሃ አግብተው ማጠብ ጀመሩ።