አቶ ከፍታና የታችኞቹ ካብ

የአክስቴን ባል አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። ዕድሜውም ባልነቱም ይጠይቃል። ግን ከፊቱ ዞር ስል አንደበቴ እምቢ ይለኛል፤ ደግሞም ለራሱ የሚሰጠው ክብር ለሁላችንም ስለሚበቃ ከእኔ ቢጎድልበት አይጎዳም። መንደሩ ከኋላው «አቶ ከፍታ» ይለው ነበር። ከፊቱ ዝም ይላል፤ ምክንያቱም ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው፣ የሚያወራውም ምላጩን የሰው ጉሮሮ ላይ አድርጎ ነው።

መጀመሪያ ስለ መንደሩ አቀማመጥ ልናገር፣ አለዚያ የሰውየው ነገር አይገባም። ተራራው ቀጥ ያለ ነው። ሜዳ የሚባል ነገር ስለሌለ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ድንጋይ እየካቡ፣ ከካቡ ጀርባ አፈር እየሞሉ፣ እንደ ደረጃ የተደራረበ መሬት ሠሩ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ ቤት አለ። ከታችኛው ሰው ቤት ጀርባ ያለው ካብ የላይኛውን ሰው ግቢ ይዟል፤ ከላይኛው ጀርባ ያለው ደግሞ ከሱ በላይ ያለውን። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ካብ ሲጠግን የሚጠግነው ለጎረቤቱ ነበር። ሲሚንቶ የሚባል የለውም፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። ዝናብ ባለፈ ቁጥር የተንሸራተተውን መመለስ፣ ሆዱን የነፋውን አፍርሶ እንደገና መካብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በታች፣ ምንጩ አጠገብ፣ የእኛ ቤት ነበር። አያቴ ካብ ሠሪ ነበር፣ አባቴ አናጺ። ከሁሉ በላይ፣ አናቱ ላይ፣ የአቶ ከፍታ ቤት ነው።

እሱ የመንደሩን ታሪክ ሲያወራ፣ ቅድመ አያቱ ተራራውን አሻቅቦ ተመለከተና «አናቱ የእኔ፣ ሌላው እንደየአቅሙ» ብሎ አከፋፈለ። አያቴ የሚያውቀው ሌላ ነው። የዚያ ሰው ቅድመ አያት የመጣው ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ውሃ ያለበት ታች ተይዟል፣ መሀሉም ተይዟል፤ የቀረው ነፋስ የሚያፏጭበት አናት ብቻ ነበር። ዘግይቶ የመጣው ሰው የተረፈውን ወሰደ፤ የልጅ ልጆቹ «መርጠን ነው» አሉ።

አክስቴ ያገባችው ከታች ወደ ላይ ነው። በሠርጉ ቀን «ከጭቃ አወጣኋት» እንዳለ እስካሁን ይወራል። ካወጣት በኋላ የሰጣት ሥራ ከምንጩ እስከ አናቱ ውሃ መሸከም ነው። እሱ ግቢው ጫፍ ላይ አንድ የሚሽከረከር የብረት ወንበር አቁሞ፣ መንደሩ ሁሉ ዳገቱን እያለከለከ ወጥቶ እንዲላጭ ያደርግ ነበር። ወንበሩን ትንሽ ወደ ታች ቢያመጣልን ብሎ አንድ ሽማግሌ ቢለምነው፣ «ራስ ወደ እግር አይወርድም» ብሎ መለሰው።

የመኪና መንገድ ከተራራው ሥር ሲደርስ ሰው ይመጣበታል ተብሎ ነበር። ሰው ሄደበት። መጀመሪያ ወጣቶቹ ሄዱ፤ ተማሪ ያጣው ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ከእኛ በላይ የነበረችው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን ጠቅልላ ወረደች፤ ቀጥሎ እኛ። አቶ ከፍታ ማበጠሪያውን ኪሱ ውስጥ እንደሻጠ ጫፍ ላይ ቆሞ ተሰናባቹን ሁሉ ይመርቅ ነበር፣ ምርቃት ከተባለ። ለአባቴ «ቅጠል ቢረግፍ ግንድ ምን ይሆናል?» አለው።

አባቴ መጋዙን በትከሻው እንደያዘ ቀና ብሎ አየውና «ካቡን አደራ» አለ።

«የታች ካብ እኔን ምን አገባኝ?» አለ ግንዱ።

በመጨረሻ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የሚላጭ ሰው ስለጠፋ እሱ የራሱን ይላጫል፣ ታሪኩንም ለመስታወቱ ይተርካል። አክስቴ ግን ሥራ አላጣችም። ጠዋት ጓንቷን አድርጋ ትወርድና የባዶ ቤቶቹን ካብ ስትጠግን ትውላለች፤ ከአያቴ የተማረችው ነው። ጉልበቷ አብጧል፣ ጣቶቿ ተጣመዋል። ልጇ ከተማ ውስጥ ክፍል አዘጋጅታ «እማ፣ ነይ በቃ» ትላታለች። አክስቴም መሄድ ትፈልጋለች፣ አልደበቀችኝም።

«እኔ ከሄድኩ ካቡ ይሄዳል፤ ካቡ ከሄደ ቤቱ እላዩ ላይ ይወርድበታል። ይኼን ጅል ምን ላድርገው?» ትለኛለች።

«እንውረድ» ስትለው «ከአናት ወርጄ ምድር ቤት ልኑር?» ይላል። ሞኝ የያዘውን አይለቅም። ቤቱ የቆመው፣ እሱን ከጠየቃችሁት፣ በቅድመ አያቱ መሠረት ነው። ሚስቱ ታች የምትውለውም የአባቷ ልጅ ስለሆነች፣ በድንጋይ መጫወት ስለሚያምራት ነው። እኔ ይህን ስሰማ ያረርኩትን ያህል እሷ አልተቃጠለችም፤ ለምዳዋለች መሰለኝ፣ መልመዷ ደግሞ የባሰ ነው።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል ዕቃ ላደርስላቸው ሄድኩ። ከእኛ ቤት ጀርባ ያለው ካብ ሆዱን ነፍቷል፤ የማዕዘኑ ድንጋይ ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። አክስቴ አንዱን ጫፍ ይዛ እኔ ሌላውን ያዝኩ፤ ከፍ ብሎ አልገባ አለን። ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ጮኻ ጠራችው። ግማሽ ፊቱ የሳሙና አረፋ እንደሆነ፣ መላጫውን እንደያዘ ወረደ።

«ና እስቲ፣ ከሥር ግፋልን» አለችው።

«ምኑን?»

«ካቡን ነዋ።»

«የአናጺ ካብ? እኔ?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አባትህ ይምጣና ይግፋው። እኔ ለታች ሰው ድንጋይ አልሸከምም።»

«ጋሼ፣ እላዩ ያለው እኮ የእርስዎ ቤት ነው» አልኩት።

«የእኔ ቤት እዚያ ነው» ብሎ በመላጫው ወደ አናቱ አመለከተኝ።

አክስቴ ድንጋዩን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው። ጓንቷን አወለቀች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«እሺ» አለች። «እንግዲህ እኔም አልሸከምም።»

«ተይዋ፣ ማን ያዘሽ?» ብሎ የቀረውን ግማሽ ሊላጭ ተመልሶ ወጣ።

ክፉ ሴት አይደለችም። በማግስቱ «ጣሪያው ያፈሳል» ብላ አታለለችውና አልጋቸውን ከመንደሩ ዳር፣ ዐለት ላይ ወደተሠራው ወደ ትምህርት ቤቱ አዛወረች። ከዚያ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ይህን ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። መጀመሪያ የእኛ ካብ ተናደ። የልብስ ሰፊዋ ግቢ የሚይዘው ሲያጣ ተከተለው፤ ቤቷም ተንበረከከ። በእሷ ጀርባ ያለው ካብና ከሱ በላይ ያሉት ተራ በተራ ሲሄዱ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ የአቶ ከፍታ ግቢ ለሁለት ተከፈለ። የብረቱ ወንበር እየተሽከረከረ፣ ደረጃ በደረጃ ወርዶ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ቆመ። ከቤቱ የቀረው አንድ ግድግዳ ነው። የቅድመ አያቱ መሠረት የእንቧይ ካብ ሆኖ ተገኘ።

ሰውየው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም አየ። አክስቴ እንደነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «የታችኞቹ ጎተቱኝ» አለ።

አሁን ልጃቸው ቤት ናቸው፣ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት። አክስቴ ቧንቧ በከፈተች ቁጥር ውሃው ሲወርድ እስካሁን ቆማ ታየዋለች። ጉልበቷ ተሽሏታል። እሱ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ጣሪያ ያያል። ከላይ ልጆች ይሮጣሉ፣ ወንበር ይጎተታል፣ በረንዳ ሲታጠብ እጣቢው በመስኮታቸው ላይ ይወርዳል።

ባለፈው እሁድ ልጠይቃቸው ሄጄ ሻይ እየጠጣን ሳለ ከላይ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። አቶ ከፍታ ብድግ አለ።

«እነዚህ ሰዎች ክብር አያውቁም» አለ። «ከሥራቸው ሰው መኖሩን ረሱት እንዴ? እኛ ከታች ባንይዛቸው የት ይቆሙ ነበር?»

አክስቴ ብርጭቆዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

«እስቲ ድገመው» አለችው።

ያልሰማችው መስሎት ጮክ ብሎ ደገመው።