ከሎሎጎ የተነቀሉት ቲማቲሞች

ባለፈው ሳምንት ጁባ፣ አማራት ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ስለ አትክልት በሽታ ስብሰባ ነበር። አንድ ወጣት ባለሙያ፣ በጁባ አፈር ላይ አጠውልግ የሚባለውን በሽታ የሚቋቋም ቲማቲም እስካሁን ፈልጎ የሞከረ የለም ሲል ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ።

ሞክረን ነበር። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ያኔ ግን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ከጁባ ዳር፣ ሎሎጎ፣ ማማ ኬጂ በሚባሉ ገበሬ ማሳ ላይ ለአንድ የምርምር ፕሮጀክት እሠራ ነበር። እሳቸው የሚተክሉት ቲማቲም ሁሉ ፍሬ ሊይዝ ሲል ጠውልጎ እንደቆመ ይሞታል። አፈሩ ታሟል። እኛ የምንፈልገውም እንዲህ ያለውን አፈር ነበርና፣ ባሚያቸውን ትተው መሬቱን ሰጡን። በምላሹ የጠየቁን የማይሞት ዘር ብቻ ነው።

በሽታውን የሚችለውን፣ ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክለውን ቲማቲም፣ ከማይችለው ከትልቁ ጋር አዳቅለን የልጅ ልጆቻቸውን ተከልን። ከእያንዳንዱ ቅጠል ቆርጠን ለላቦራቶሪ ላክን። የቀረን የትኛው ሞተ፣ የትኛው ተረፈ የሚለው ነበር። ይህን ከቅጠሉ ጋር ስናስተያይ፣ በሽታውን የሚመክተው ዘረመል የት እንደተቀመጠ ካርታው ይወጣል። ተክሎቹ እንደ አንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ይለያል፣ የጠፋውም ምትክ የለውም።

ክረምት ነበር፤ መንገዱ ቀይ ጭቃ። ለዕቃ ጁባ ታውን ገበያ ወርጄ ስመለስ ማሳው ለምልሟል። ኃላፊያችን አቶ ሰይፉ፣ በማግስቱ ገንዘብ ሰጪዎቹ ሊጎበኙ ስለሚመጡ፣ የሞቱትን አስነቅለው ከገበያ የተገዛ ችግኝ አስተክለውበታል። በየተክሉ ሥር የነበረው፣ ከላክነው ቅጠል ጋር የሚያገናኘው ባለ ቁጥር መለያም ለዓይን አያምርም ተብሎ ተነቅሎ ባልዲ ውስጥ ተጥሏል።

«የሞተ ነገር ለእንግዳ አይታይም» አሉኝ።

«እኛ እኮ የምንፈልገው የሞተውን ነበር» አልኳቸው።

«ማሌሽ፣ ምንም አይደል፣ እንደገና ትተክያለሽ» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ እንግዶቹ ፎቶ ሲነሱ ፊታቸው ቆሜ፣ ይህ ትናንት የተተከለ ነው፣ ምርምሩ ጠፍቷል አልኩ። አቶ ሰይፉ ሳቅ ብለው፣ ልጅቷ ሥራ በዝቶባት ደክሟታል አሉና ወንዙ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ሊያበሏቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተባረርኩ። እንግዶቹ የመጡ ቀን ማማ ኬጂ አጠገቤ ቆመው፣ ከነዚህ ውስጥ የኔ ዘር የትኛው ነው ብለው በጁባ ዓረብኛ ጠየቁኝ። ባልዲ ውስጥ የተጣሉትን መለያዎች አሳየኋቸው። አዲሶቹም ችግኞች ወሩ ሳይሞላ ጠወለጉ።

ሰው ያለፈ አልፏል ይለኛል። ማማ ኬጂ ራሳቸው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስቀው ሰላም ይሉኛል፤ ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም። ይበልጥ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። እሳቸው ይቅር ብለዋል። እኔ አላልኩም፣ ዕድሜም አላበረደልኝም። ማሳቸው ዛሬም ቲማቲም አያበቅልም።