ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ሳሪስ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ የጋለ አቧራ ሸተተኝና ቆምኩ። የእኛም ኮምፒውተር ሲሞቅ እንዲሁ ይሸት ነበር።

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ አቃቂ ከሚሠራበት ፋብሪካ አሮጌ ኮምፒውተር በጨረታ ገዝቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጋሪ አመጣው። እናቴ ቡፌው ላይ አስቀምጣ ዳንቴል አለበሰችው። የሚከፈተው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው፤ እግሩን ያልታጠበ አይጠጋውም።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ስላልነበረ ስሜን ጻፍኩ። ከሥሩ «የማይታወቅ ትእዛዝ» የሚል መስመር በእንግሊዝኛ መለሰልኝ።

«ምን አለሽ?» አለ አባቴ። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም።

«አላውቅሽም ነው የሚለው።»

«እንግዳ አይደል፤ ገና ቤቱን አልለመደም። ቅዳሜ ደግመሽ ንገሪው።»

በየቅዳሜው ነገርኩት፤ በየቅዳሜው ያንኑ መለሰ። አባቴም መጠየቁን አልተወም። ሲሰለቸኝ አንድ ቀን «አወቀኝ» አልኩት።

ወደ ውጭ ወጣ። እግሩን ታጥቦ ተመለሰና አጠገቤ ተቀመጠ። እስከዚያ ቀን ከኋላዬ ቆሞ ነበር የሚያየው።

«እንግዲያው የእኔንም ንገሪው፤ ከነአባቴ ስም።»

ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለግኩ ጻፍኩ። ያችው መስመር መጣች።

«ምን አለ?»

ሳሪስ፣ የቴሌቪዥን ጠጋኙ ከሥራው ቀና ብሎ፣ «እህቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩትና መንገዴን ቀጠልኩ። ለአባቴ ያን ቀን ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። የማስታውሰው ገና ያልደረቀ እግሩን ነው።