እጁን ከኪሱ የማያወጣው ጀግና

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ የሸሚዙን ቁልፍ ሁልጊዜ አዛንፎ ነው የሚቆልፈው። ሐሳቡ ሥዕሉ ላይ ስለሆነ ነው እል ነበር። ሱሪዬን "ነገ ውሰድ" ካለኝ ሰንብቷል፤ እሱ ግን ከስፌት መኪናው ሥር በሚደብቀው ወረቀት ላይ ሌባ የሚያሳድድ ጀግና ታሪክ በሥዕል ይተርካል። ሥዕሉ እምቢ ሲለው መኪናውን ዘይት ይቀባል፤ አለዚያም የወንጀል ልብ ወለድ ያነሳና ከመጨረሻው ገጽ ይጀምራል።

"ገዳዩን ካላወቅሁ ስፌቱም አይሆንልኝም" ይላል።

ጀግናው ሲሮጥም ሲዘልም እጁ ከኪሱ አይወጣም።

"ምነው፣ በረደው እንዴ?" አልኩት።

"እጅ መሳል አልችልበትም። ኪስ ግን ለእኔ ተወው፣ ወንድሜ!"

ትናንት ግን አንድ እጅ ስሎ አገኘሁት፤ የተጨማደደ፣ የጀግናውን ኮት የሚቆልፍ፣ ነፍስ ያለው እጅ።

"ይሄንንስ ከየት አመጣኸው?"

"የእናቴ ነው" አለኝ። "ዓይኗ ጠፍቷል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሸሚዜን በዳበሳ ሳትቆልፍልኝ አታስወጣኝም።"

ሸሚዙን አየሁት። አንደኛው ቁልፍ እንደ ልማዱ የሌላውን ቀዳዳ ይዟል። የሰው ልብስ ሲያቃና የሚውለው ሰውዬ ግን አልነካውም።